ለአንድ ሴሚስተር ወደ ሴኡል ልሄድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት ልያዛቸው?

የቀበሌ 14 ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የአራተኛ ዓመት የውሃ ሀብት ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ለመጪው ሴሚስተር በተማሪ ልውውጥ ወደ ደቡብ ኮሪያ፣ ሴኡል ከተማ እንድሄድ ተመርጫለሁ። ትምህርቱ የሚጀመረው በፈረንጆቹ መስከረም መባቻ፣ በእኛ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ስለሆነ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ ለመብረር አስቤያለሁ። ቪዛዬን አዲስ አበባ ከሚገኘው የኮሪያ ኤምባሲ ወስጃለሁ፤ የዶርም ምደባም ደርሶኛል። እስካሁን ግን ከአዲስ አበባ አልፌ የሄድኩበት ቦታ የለም።

ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የተላከልኝን መመሪያ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መመሪያው ምን ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ በዝርዝር ይናገራል እንጂ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛውስ ቢዘገይ ሌላውን ይዞት እንደሚቆም አይነግረኝም። ስለዚህ በቦታው የነበራችሁ ወይም አሁንም ያላችሁ ሰዎች ከአውሮፕላን ከወረድኩበት ሰዓት ጀምሮ ምን ምን ባስቀድም እንደሚሻል፣ የባንክና የስልክ ነገር እስኪስተካከል ድረስ በምን እንደምቆይ፣ ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ሰውስ ምግቡ እንዴት እንደሚሆን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሌላው ጉዳይ የቤተሰብ ነው። እናቴ ከወዲሁ እንቅልፍ አጥታለች። በርበሬውና ሽሮው ተፈጭቶ በፌስታል በፌስታል ታስሯል፤ ሰሞኑን ደግሞ ቋንጣ ሊሰጣ ጓዳ ውስጥ ገመድ ተዘርግቷል። «ኧረ ይበቃል» ብላትም አልሰማችኝም። ይህን ሁሉ ይዤ መግባት እችላለሁ ወይ የሚለውንም የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።


አባይ ማዶ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔም እዚያው ሴኡል በልውውጥ አንድ ዓመት ተምሬ ተመልሻለሁ፤ አሁን ሥራዬም ኑሮዬም ባሕር ዳር ነው። ጥያቄሽን በትክክለኛው በኩል ነው የያዝሽው፤ ብዙ ሰው ስለ ቋንቋውና ስለ ብርዱ ሲጨነቅ ይከርምና፣ እዚያ ሲደርስ ጊዜውን የሚበላው የጉዳዮች ቅደም ተከተል መሆኑን ዘግይቶ ይረዳል።

የመጀመሪያው ወር ኑሮሽ የሚንጠለጠለው በአንዲት ካርድ ላይ ነው። ኮሪያ ውስጥ ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ ዜጋ በገባ በ90 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ቀርቦ መመዝገብና የውጭ ዜጋ መታወቂያ ማውጣት አለበት። አዲስ ገቢ ተማሪ «90 ቀን» የሚለውን ሲሰማ ገና ብዙ ጊዜ ያለው ይመስለውና ይዘናጋል። ነገር ግን ቢሮው ያለ ቀጠሮ አያስተናግድም፤ ቀጠሮው የሚያዘው ሃይ ኮሪያ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው፤ በሴሚስተር መግቢያ ላይ ደግሞ የከተማው የውጭ ተማሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚሻማ ባዶ ቀን ማግኘት ያስቸግራል። ማመልከቻው ከገባም በኋላ ካርዱ እስኪታተም ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ መካከል ካርዱን የሚጠብቀው ጉዳይ ብዙ ነው፤ በራስሽ ስም ወርኃዊ የስልክ ውል መግባት፣ ገደብ የሌለበት የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ በኢንተርኔት መግዛት፣ ማንነትሽን በስልክ ቁጥር የሚያረጋግጡ መተግበሪያዎችን መጠቀም፣ ሁሉም «ካርድሽን አምጪ» ይልሻል። ስለዚህ ከደረስሽ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ቀጠሮ ያዢ። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የልውውጥ ተማሪዎቻቸውን ሰነድ ሰብስበው በጅምላ ያስገባሉ፤ ይህ የሚነገረው በአቀባበሉ ቀን ገለጻ ላይ ስለሆነ ድካምም ቢኖርብሽ ከዚያ ገለጻ እንዳትቀሪ።

ለካርዱ ፓስፖርት፣ የተማሪነት ማረጋገጫ፣ የመኖሪያ ማረጋገጫ፣ ፎቶግራፍና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ውጤት ይጠየቃል። ፎቶውን 3.5 በ4.5 ሴንቲ ሜትር፣ ነጭ መደብ ያለው አድርገሽ እዚሁ በርከት አድርገሽ ተነሺ። ምርመራው ደረት ራጅ ሲሆን በየክፍለ ከተማው ባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ዶርሙም ያንኑ ውጤት ሊጠይቅሽ ስለሚችል ከአንድ በላይ ቅጂ አስወጪ። ለቪዛው ተመርምረሽ ከሆነም ያንን ወረቀት አትጣይው።

ስለ ስምሽ አጻጻፍ ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። እኛ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ይዘን እንሄዳለን፤ የእነርሱ ቅጽ ደግሞ የቤተሰብ ስም አስቀድሞ፣ የራስን ስም አስከትሎ የሚጠይቅ ነው። አንዱ ቢሮ አያትሽን ሲያስቀድም ሌላው የአንቺን ሲያስቀድም፣ ስልክሽና ባንክሽ «ሁለት የተለያዩ ሰዎች» ይሆናሉ፤ ማንነት የማረጋገጥ ጥያቄ በመጣ ቁጥርም ሥርዓቱ አይቀበልሽም። አንድ የባንክ ሠራተኛ በጣም ትሑት ሆኖ፣ ነገር ግን ምንም መፍትሔ ሳይሰጠኝ ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል፤ ጣጣው የመጣው በስልኩ ውል ላይ በስሞቹ መካከል ክፍተት ስላልነበረ ብቻ ነው። በየትኛውም ቅጽ ላይ ፓስፖርትሽ ላይ በሰፈረው ፊደል፣ ቅደም ተከተልና ክፍተት እንዲጻፍ አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ከመፈረምሽ በፊትም አንብቢው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ቢያንስ አንድ ወር የሚያኖርሽን ጥሬ ገንዘብ ይዘሽ ሂጂ። ኢንቾን አየር ማረፊያ ላይ ለመጓጓዣና ለአንድ ሁለት ቀን የሚሆንሽን ብቻ መንዝሪ፤ ቀሪውን ከተማ ውስጥ፣ ለምሳሌ ሚዮንግዶንግ በሚባለው የገበያ ሰፈር ባሉት መንዛሪዎች ዘንድ ብትወስጂው የተሻለ ዋጋ ታገኛለሽ። ሲም ካርድ በፓስፖርት ብቻ ቅድመ ክፍያ ያለው ይሸጥልሻል። አንድ ጊዜ ከያዝሽ በኋላ ግን ቁጥሩን አትቀያይሪ፤ የትም ቦታ የምትታወቂው በእርሱ ነው።

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ ኤሬክስ የተባለው ባቡር አለ፤ ፈጣኑ በየትም ሳይቆም በ43 ደቂቃ ገደማ ሴኡል ጣቢያ ያደርስሻል፤ በየጣቢያው የሚቆመው ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ይወስድና ዋጋው ይረክሳል። ለባቡርም ለአውቶቡስም የሚያገለግለውን ቲ-መኒ ካርድ ከማንኛውም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ከሆነ ሱቅ ግዢ፤ የሚሞላው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው። የሜትሮው መነሻ ዋጋ ከ2025 አጋማሽ በፈረንጆች ጀምሮ 1,550 ዎን ነው። አውቶቡስ ላይ ስትወጪም ስትወርጂም ካርዱን ማስነካት አለብሽ፤ ስትወርጂ ካላስነካሽ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ሌላ አውቶቡስ ወይም ባቡር ስትቀይሪ የሚደረግልሽን ቅናሽ ታጫለሽ። ከባጃጅ ወርዶ ሒሳብ መስጠት ለለመደ ሰው ይህ እጅ እስኪለምደው ድረስ ይረሳል። የመንገድ ፍለጋውን በኔቨር ማፕ ወይም በካካኦ ማፕ አድርጊው፤ የአገሬው ሰው የሚጠቀመው እነርሱን ነው፤ ለእግር መንገድም የሚታመኑት እነርሱ ናቸው። ሁለቱንም ከዚህ ሳትነሺ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ መልእክት መለዋወጫውን ካካኦቶክንም እንዲሁ፤ የክፍል ጓደኞችሽ፣ የዶርሙ ተጠሪ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው ያሉት።

ሽሮና በርበሬውን በተመለከተ ግን የእናትሽን ልብ አትስበሪ፤ የቻልሽውን ያህል ያዢ ባይ ነኝ።


ከጎርጎራ

የጎርጎራ ልጅ ነኝ፤ አሁን ሴኡል ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። አባይ ማዶ የጻፈው ሁሉ ልክ ነው፤ በተለይ የስሙን ጉዳይ ብሰማው ኖሮ ብዙ ምልልስ ይቀርልኝ ነበር። በሁለት ነገር ግን አልስማማም።

የመጀመሪያው ባቡሩ ነው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛ፣ ሌሊቱን በበረራ አድራ የምትገባ ልጅ ሴኡል ጣቢያ ወርዳ የሜትሮውን ደረጃና ኮሪደር እንድትዞር አልመክርም፤ ሻንጣ በሆዳቸው ጭነው ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ የሚያወርዱ የአየር ማረፊያ አውቶቡሶች አሉ። ትንሽ ይወደዳሉ፤ ለዚያች ቀን ግን ዋጋቸውን ያወጣሉ።

ሁለተኛው ሽሮው ነው። እህቴ፣ ሽሮውን ከመጫንሽ በፊት ለዶርሙ ቢሮ ኢሜይል ጽፈሽ ወጥ ቤት እንዳለው ጠይቂ። እዚህ አገር በርካታ የተማሪ ዶርሞች ምንም ዓይነት ወጥ ቤት የላቸውም፤ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም ማሰሮ ማስገባት ክልክል ነው፤ በፍተሻ ከተገኘብሽ ነጥብ ይያዝብሻል፤ ነጥቡ ሲጠራቀምም ከዶርም ያስወጣል። ያለሽው ውሃ ማፍያና ማይክሮዌቭ ብቻ ከሆነ ከአሥር ኪሎ ሽሮ ይልቅ የተደለዘ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ዳቦ ቆሎ ይጠቅምሻል። በርበሬ እዚህ በየምግቡ ላይ ስላለ አፍሽ ባዶ አይሆንም፤ የእነርሱ ግን ጣፋጭነት ይበዛበታል፤ የእኛን ቅመም አያስረሳም።

ቋንጣውን ደግሞ ከነገመዱ እዚያው ተዉት። ሥጋና የሥጋ ውጤት፣ የደረቀም ቢሆን፣ ያለ እንስሳት ኳራንቲን ማረጋገጫ ወደ ኮሪያ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ቅቤና አይብም በዚሁ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ሳታሳውቂ ብትያዢ ቅጣቱ እስከ 10 ሚሊዮን ዎን ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ለአንድ ተማሪ የብዙ ወር ቀለብ ነው። ያልተፈጨ እህልና ዘርም በዕፅዋት ኳራንቲን ይታያል፤ ስለዚህ ቡናውን ቆልታችሁ አሽጉት፤ የያዝሽውንም ምግብ በጉምሩክ ቅጹ ላይ ሳትፈሪ አሳውቂ፤ አሳውቀሽ ቢወሰድብሽ የምታጪው ዕቃውን ብቻ ነው። ለአንቺ ባይሆንም ይህን ለሚያነቡ ወንድሞቼ ልጨምር፤ ጫት እዚህ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስከስስ ነው። «ለጓደኛዬ አድርስልኝ» የተባላችሁትን የታሰረ ዕቃ ሳትፈቱ አትቀበሉ።

የጾሙ ጉዳይ ትዕግሥት ይጠይቃል። «ሥጋ አልበላም» ስትያቸው ሥጋውን ከላይ አንስተው መረቁን ይሰጡሻል። መረቁ ብዙ ጊዜ ከከብት አጥንት ወይም ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ የተቀቀለ ነው፤ ኪምቺውም (በበርበሬ የሚብላላው ጎመናቸው) ቢሆን በአብዛኛው የሽሪምፕ ወይም የዓሣ ጨው ይገባበታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለየንስሐ አባቶቻችን ትተን፣ የማይበሉትን ነገሮች፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት ብለሽ በኮሪያኛ በትንሽ ካርድ አስጽፈሽ ያዢና ለአስተናጋጇ አሳዪያት። ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ የተዘጋጀ ቢቢምባፕ (ሩዝ ከአትክልት ጋር)፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ የባሕር ቅጠል፣ ስኳር ድንች፣ ሩዝ፣ እነዚህ በየቦታው አሉ። የቡዲስት ገዳማት ምግብ በአብዛኛው ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የለበትም፤ ጆግዬሳ በተባለው ቤተ መቅደስና በኢንሳዶንግ አካባቢ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለተማሪ በየሳምንቱ የሚቻል አይደለም። ምስርና ሽምብራ ስትፈልጊ ኢቴዎን ወደሚባለው ሰፈር ውጪ፤ መስጊዱ አጠገብ የውጭ አገር ሸቀጥ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ነቢያት ኅዳር 15 እስኪገባ ድረስ የትኛው ቤት ምን እንደሚያዘጋጅ ለይተሽ ትጨርሻለሽ።

ስለ አየሩም ልንገርሽ። ባሕር ዳር ነሐሴ ላይ ዝናብና ቅዝቃዜ ስለሆነ ሹራብ ለብሰሽ ትነሺ ይሆናል፤ እዚህ ግን በዚያ ሰሞን ከ30 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ከወበቅ ጋር ይጠብቅሻል፤ ሌሊትም አይበርድም። ብርዱ የሚመጣው ከኅዳር በኋላ ነው፤ በታኅሣሥ ጠዋት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ መውረዱ ብርቅ አይደለም። ከባድ ካፖርት ከባሕር ዳር ገዝተሽ አትጫኚ፤ ዶንግምዮ በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ዙሪያ ትልቅ የሰልባጅ ገበያ አለ፤ መሬት ላይ ተከምሮ እየተገለበጠ ስለሚሸጥ የአገርሽን ገበያ ያስታውስሻል። ጋቢ ግን ይዘሽ ነይ፤ በርካታ ዶርሞች አንሶላና ብርድ ልብስ አይሰጡም፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ፍራሽ ላይ እንዲሁ እንዳታድሪ። የቀረውን፣ ትራሱን፣ ባልዲውን፣ መስቀያውን፣ ዳይሶ የተባለው ሱቅ በርካሽ ይሸጣል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ እንደ እኛው ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ስለሆነ መቀየሪያ አያስፈልግሽም።

ቆሻሻ አጣጣሉም ሕግ አለው። ሴኡል ውስጥ ቆሻሻ የሚጣለው በየክፍለ ከተማው ስም በታተመና ከሱቅ በሚገዛ ፌስታል ነው፤ የምግብ ትራፊ ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ፣ ወረቀት ለብቻ ይለያል። ጎረቤት መጥቶ የሚቆጣሽ በዚህ ነው።

ሰዉን በተመለከተ፣ በሊፍት ውስጥ ማንም ሰላም አይልሽም፤ ሜትሮ ውስጥም ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ስልኩን ያያል። «እንዴት አደርሽ፣ ደኅና ነሽ፣ ቤተሰብ ደኅና» ለምዶ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ጥላቻ ይመስለዋል፤ አይደለም፤ ለማያውቁት ሰው ሰላም ማለት ልማዳቸው ስላልሆነ ነው። በሌላ በኩል ለታላቅ የሚሰጡት ክብር ያስደስትሻል። ዕቃ ሲሰጡና ሲቀበሉ በሁለት እጅ ነው፤ ታላቅ ሲገባ ይነሳሉ፤ አነጋገራቸውም ለታላቅና ለታናሽ እንደ አንቱና አንተ ይለያል። በሜትሮው ጫፍና ጫፍ ያሉት መቀመጫዎች የአረጋውያን፣ ሮዝ ቀለም ያላቸው ደግሞ የነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ ባዶ ቢሆኑም ወጣት አይቀመጥባቸውም። ፊደላቸውን ከመምጣትሽ በፊት ተማሪ። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 በፈረንጆች ያወጀው ሲሆን መሠረታዊ ፊደላቱ 24 ብቻ ናቸው፤ ተነባቢና አናባቢ እየተጣመረ አንድ ድምፅ ያለው ቅርጽ ስለሚሠራ፣ ከ«ሀ ሁ» ጋር ላደገ ሰው አይከብድም። የጣቢያና የምግብ ስም ማንበብ ከቻልሽ የመጀመሪያው ሳምንት ድካም በግማሽ ይቀንሳል።

ደግሞም በፈረንጆቹ መስከረም ወይም ጥቅምት ቹሶክ የሚባለው ትልቁ በዓላቸው ይመጣል፤ ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይለዋወጣል። ኮሪያውያኑ በሙሉ ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ፤ የዶርሙ ካፌም ሊዘጋ ይችላል። አስቀድመሽ ምግብ ግዢ። ከበዓሉ ዋና ቀን ቀደም ብለሽ ወይም አለፍ ብለሽ ወደ ቹንቾን ሂጂ፤ ከሴኡል በተራው ባቡር ሳይቀር ይደረሳል። በኮሪያ ጦርነት ለተዋጉት የኢትዮጵያ ጦር የቃኘው ሻለቃዎች የተሠራው መታሰቢያ እዚያ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 በፈረንጆች የጎበኙትም እርሱን ነው። አጠገቡ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ያለ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ ቡና ቤት አለ። እንደ እኔ ከሆነ ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ሰሞን ዶርም ውስጥ ከመቀመጥ ይሻላል።


የዘጌው አባት

ልጄ፣ እኔ ኮሪያን አላየሁም፤ ልጄ ግን እዚያ ተምራለችና ስለ እናትሽ ጭንቀት ጥቂት ልበል።

ሴኡል ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። ይህም ማለት በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የግድግዳ ሰዓት ሳይነካ የሴኡልን ሰዓት ይነግራል፤ እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ በእነርሱ አጠራር ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው። ይህን ለእናትሽ አሳያት። እኛ ቤት ይህ ነገር ከታወቀ ወዲህ ባለቤቴ ሰዓቱን ቀና ብላ እያየች «አሁን ክፍል ናት፤ አሁን ራቷን በልታለች» ማለት ጀመረች፤ ጭንቀቱም ቀለል አለ። አደናጋሪው ቀንና ሌሊቱ ብቻ ነው፤ እኛ ማታ 3 ሰዓት ላይ ራት በልተን ስንደውል እርስዋ ዘንድ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ነው፤ ተኝታለች። የሚመቸው የእኛ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ቡና በሚፈላበት ጊዜ ነው፤ እርስዋም በዚያ ሰዓት ትምህርቷን ጨርሳ ዶርሟ ገብታለች።

እንዲሁም ከአሁኑ ተስማሙ። መብራት ጠፍቶ ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ስልክ ላይነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ እናንተም እዚህ፣ አንቺም እዚያ ክፉ ክፉውን እንዳታስቡ፣ መልእክት የሚያደርስ አንድ ዘመድ አዲስ አበባ ይኑራችሁ። በየቀኑ ረጅም ሰዓት መደወልንም ልጄ ካላት ልምድ ተነሥቼ አልደግፈውም። መጀመሪያ ላይ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእኛ ጋር ስለምታወራ አብረዋት ለመብላት የሚጠሯትን ልጆች እምቢ እያለች ብቻዋን ቀርታ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን እናድርገው ብለን የወሰንነው እኛው ወላጆቿ ነን፤ ለእናቷ ከባድ ነበር፤ ለልጅቱ ግን ጠቀማት።


የቀበሌ 14 ልጅ (ጠያቂ)

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሰዓቱን ነገር ለእናቴ ነግሬያት ገርሟታል። ከጎርጎራ፣ ለዶርሙ ቢሮ ጽፌ ነበር፤ ወጥ ቤት የለውም ብለውኛል። ሽሮው ለታናሽ እህቴ ቀለብ ሆኗል፤ ቋንጣውም ከእኔ መሄጃ በፊት ፍርፍር እንዲሆን ተወስኗል።

አንድ የቀረኝ የኮርስ ጉዳይ ነው። እዚያ የምወስዳቸው ኮርሶች እዚህ እንዲያዙልኝ ስምምነት ተፈርሞልኛል፤ ነገር ግን ከተፈረሙት አምስት ኮርሶች ሁለቱ በዚህ ሴሚስተር እንደማይሰጡ አሁን በድረ ገጻቸው ላይ አየሁ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ብቀይር ይሻላል ወይስ ከመሄዴ በፊት?


ፔዳ አካባቢ

በማስተማር ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ከልውውጥ የተመለሱ ተማሪዎችን ውጤት የሚያይ ኮሚቴ ውስጥም ሠርቻለሁ። እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት አስቀይሪ፤ ምክንያቱን ላስረዳሽ።

የኮሪያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ምዝገባ በተወሰነ ቀንና ደቂቃ በኢንተርኔት ይከፈታል፤ ተፈላጊ የሆኑ ኮርሶች በሰከንዶች ውስጥ ይሞላሉ። ለልውውጥ ተማሪዎች የተለየ ቀን ወይም የተለየ ኮታ የሚሰጡ አሉ፤ ሁሉም ግን አይሰጡም። በትምህርቱ የመጀመሪያ ሳምንት አድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መሰረዝ) አለ፤ ሆኖም በዚያ ሳምንት አንቺ የምትሮጪው ለኢሚግሬሽን ቀጠሮና ለደረት ራጅ ነው። በዚያው ሳምንት ከባሕር ዳር የዲፓርትመንት ኃላፊ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ስካን አድርጎ እንዲልክልሽ ከጠበቅሽ፣ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ማንን በቢሮው ታገኛለሽ? መምህራኑ ዕረፍት ላይ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ዲፓርትመንትሽ ሄደሽ በሁለቱ ምትክ ሁለት ብቻ ሳይሆን አራት ወይም አምስት አማራጭ ኮርሶች አስፈርሚ፤ ከእነዚያ ውስጥ ያገኘሽውን ትመዘገቢያለሽ። ለእያንዳንዱ ኮርስ ኮርስ አውትላይኑን ከድረ ገጻቸው አውርደሽ ከስምምነቱ ጋር አያይዢ፤ በኋላ ኮሚቴው የሚያመሳክረው በኮርሱ ስም ሳይሆን በይዘቱና በሰዓቱ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ መሆኑንም አረጋግጪ፤ በዝርዝሩ ላይ የእንግሊዝኛ ስም ስላለው ብቻ በእንግሊዝኛ ይሰጣል ማለት አይደለም።

ክፍል አለመቅረት ላይም ጠንካሮች ናቸው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ከትምህርቱ ሰዓት ከሩብ ወይም ከሢሶ በላይ የቀረ ተማሪ፣ ፈተናውን ቢያልፍም እንኳ፣ ኤፍ ይገባበታል፤ ኢሚግሬሽን የሄድሽበት ቀን እንኳ የቀጠሮ ወረቀትሽን ለመምህሩ ማሳየት ይኖርብሻል። ነጥብ አሰጣጡም በብዙ ኮርሶች አንጻራዊ ነው፤ ኤ የሚያገኘው ተማሪ ብዛት አስቀድሞ የተገደበ ስለሆነ ከክፍሉ ልጆች ጋር ትወዳደሪያለሽ። ለልውውጥ ተማሪዎች ይህን የሚያላሉ መምህራን ስላሉ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጠይቂ።

ትራንስክሪፕቱ የሚላከው ሴሚስተሩ ካለቀ ሳምንታት ቆይቶ ነው። ከመመለስሽ በፊት በማን ስም፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚላክ ከዚያኛው የውጭ ግንኙነት ቢሮ ጋር ጨርሺ፤ አንድ የታሸገ ቅጂ ደግሞ በራስሽ እጅ እንዲሰጥሽ አመልክቺ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት ይገኛሉና ፊርማውን ከሰኞ አታሳልፊው።